ውርጭ ያናገረው መኪና

«ይሄ መኪና ዝም ያለ ነው፤ ሞተሩ ይነሳ አይነሳ በጆሮህ አትለየውም» አለኝ ደላላው።

«ዝም ያለ ነው ወይስ ዝም ያሰኙት?» አልኩት።

ደላላው ሳቀ፤ ሻጩም አብሮ ሳቀ። እኔ ግን ኮፈኑ ላይ እጄን አሳርፌ ነበርና አልሳቅሁም። ቀጠሯችን ለ3 ሰዓት ነው፤ እኔ ሩብ ጉዳይ ሲል ደርሻለሁ። መኪናው ከግቢ አልወጣም። ኮፈኑ ግን እንጀራ ሲጋገርበት እንዳረፈደ ምጣድ ይፋጃል።

«ለምን ሞቀ?»

«ላንተ ክብር ብለን አስነስተን አቆየንልህ።»

«ለእንግዳ ቡና ይፈላል እንጂ ሞተር አይፈላም!»

መልሱን ፈጥኜ መለስኩ፤ መልሴን ተከትዬ ግን አልሄድኩም። እዚያው «ነገ ማለዳ ሳታስነሱት እመጣለሁ» ብዬ መውጣት ነበረብኝ። «ከሰዓት በኋላ ሌላ ገዢ አለው» ሲሉኝ ፈረምኩ። ይህን ጥድፊያ ዛሬ መኪና የሚገዛ ሁሉ ያውቀዋል። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ዕድሜ የጠገበ መኪና ከውጭ በሚያመጣ ሰው ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ ከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው ኮሮላና ቪትዝ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ሕመሙም አብሮ ይዞራል። ሊብሬው ላይ የባለቤት ስም ይጻፋል፤ የሕመም ስም የሚጻፍበት ገጽ የለውም።

ገና ሊደርስ ሲል የገዛሁትን ኮሮላ ይዤ ወደ መንዝ ወጣሁ፤ የአጎቴ ልጅ አጠገቤ ተቀምጧል። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን ያለውን 130 ኪሎ ሜትር በሙዚቃ ሄድነው። አክስቴን ከደብረ ሲና መውሰድ ነበረብንና ወደ መንዝ የሚታጠፈውን መንገድ ትተን የጣርማ በርን ዋሻ ገባን። ነገሩን የነገረኝ ዋሻው ነው። ሙዚቃውን አጥፍተን መስኮቱን ስናወርድ ከቀኝ በኩል «ውውውው» የሚል ድምፅ ከግድግዳው ላይ እየተመለሰ መጣ። ሜዳ ላይ ድምፅ ይበተናል፤ ዋሻ ውስጥ ግን ግድግዳው መልሶ ለጆሮ ያስረክባል። እኔ የተቀመጥኩት በግራ፣ ሕመሙ ያለው በቀኝ፤ ያን ሁሉ መንገድ ያልሰማሁት ለዚህ ነው።

አክስቴ ቆሎዋን በጉያዋ ይዛ ከኋላ ገባች። ድምፁ ከፍ ሲል የአጎቴ ልጅ እጁን ወደ ሬዲዮው ሰደደ።

«እትዬ፣ እንዳይረብሽሽ ሙዚቃውን ልጨምረው?»

«አንተ ልጅ፣ ሕፃን ሆዱን ቆርጦት ሲያለቅስ ከበሮ መትተህ ነው ዝም የምታሰኘው?»

«አሮጌ መኪና እኮ ድምፅ አያጣም፣ እትዬ።»

«አሮጊትስ መቼ ሕመም አጣች? እንግዲያው እኔንም ሐኪም ቤት አትውሰዱኝ!»

ሬዲዮው ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ እስከ መንዝ ሙዚቃ አልተከፈተም፤ ደግ አደረገች።

ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ሲወጣ መንገዱ መታጠፊያ በመታጠፊያ ነው፤ መታጠፊያውም ምስክር ሆነ። ወደ ግራ ስንዞር ውውታው ይበረታል፤ ወደ ቀኝ ስንዞር ይለዝባል። መኪና ወደ ግራ ሲዞር ክብደቱን በቀኝ ጎማዎቹ ላይ ይጥላል፤ ያን ጊዜ የሚያጓራው የተጫነበት፣ ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ ነው። ጎማ ቢሆን አስፋልቱ ሲለሰልስ ይለዝብ፣ ሲሻክር ይሻክር ነበር። ይህ ግን መንገዱ ቢለዋወጥም ጠባዩን አልለወጠም፤ የሚከተለው ፍጥነታችንን ብቻ ነበር። ፍሪሲዮኑን ረግጬ ማርሹን ነጻ ሳደርገውም አልጠፋም፤ ስለዚህ ከሞተሩ አይደለም፣ ከጎማው ኩሽኔታ ነው።

«እንዴት አወቅህ? መካኒክ አይደለህ» አለኝ የአጎቴ ልጅ።

«መካኒክ የሚያስፈልገው ለመፍታት ነው፤ ለመስማትማ ጆሮ ይበቃል።»

ያንን ዋሻ በወረራው ዘመን የፈለፈለው ጣሊያን የጋራዡንም ቋንቋ ጥሎልን ሄዷል። ኮፈን፣ ቺንጋ፣ ኩሽኔታ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ባልስትራ፣ ፍሪሲዮን ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፤ ዛሬ ግን የኛ ናቸው፤ መካኒኩም ጎሚስታውም በነሱ ይግባባል። ባለመኪና ሁሉ ቢማራቸው እወዳለሁ። መካኒክ ፊት ቆሞ «የሆነ ነገር ይጮኻል» የሚል ሰውና «ከፊት በቀኝ በኩል ኩሽኔታው ያጓራል፤ ወደ ግራ ስዞር ይብሳል» የሚል ሰው እኩል ሒሳብ አይከፍሉም። የመጀመሪያው መኪናውን ሙሉ ያስፈታል። ሁለተኛው አንድ ጎማ።

ጣርማ በርን አልፈን ወደ መዘዞ ስንጓዝ መኪናው አንድ ዳገት ላይ ተንፏቀቀ።

«በቃ፣ ሞተሩ ሞቷል» አለ ልጁ።

«አልሞተም፤ ትንፋሽ አጥሮት ነው። አንተስ እዚህ ዳገት ላይ ብትሮጥ?»

3,000 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ይህን የማያውቅ ሰው ጤነኛ ሞተር ያስወርዳል። አገሩን ሳያውቁ ሕመም መፈረጅ አይገባም፤ የከፍታውን ድካም ከመኪናው ድካም መለየት ያስፈልጋል።

ጓሳ ላይ ቆምን። ነፋሱ ፊት ይልጣል፤ ጭላዳዎቹ ከመንገዱ ራቅ ብለው ሳር ይነጫሉ። ሞተሩን ሳጠፋ ከሥር «ጢቅ... ጢቅ... ጢቅ» የሚል ድምፅ መጣ። ልጁ ደነገጠ። «ተወው፤ የጋለ ብረት ሲቀዘቅዝ እየተኮማተረ ነው። ይህ ጤና ነው» አልኩት። የሚያስፈራውን ከማያስፈራው ሳይለዩ በሁሉም መደንገጥ፣ በሁሉም አለመደንገጥን ያስከትላል። መቶ ጊዜ በከንቱ የደነገጠ ሰው በመቶ አንደኛው ሬዲዮውን ይከፍታል።

ጓሳን ሳይ ሌላ ነገር አንገበገበኝ። የመንዝ ሰው ይህን ሳር ከአባት ከአያት ጀምሮ በሥርዓት ከልሎ ሲጠብቅ ኖሯል፤ ጊዜው ደርሶ እስኪፈቀድ ድረስ ለክዳን እንኳ አያጭድም፣ ከብትም አያሰማራም። ሳር እስኪደርስ ዓመታት የሚታገሥ አገር ልጅ ሆኜ፣ ሞተር እስኪቀዘቅዝ አንድ ሌሊት አልታገሥኩም።

ከዋናው መንገድ ወጥተን ወደ አጎቴ ቀዬ በሚወስደው ኮረኮንች ትንሽ እንደሄድን ደግሞ «ጭርርርር!» የሚል፣ ጥርስ የሚያንቀጠቅጥ ጩኸት ከጎማው ተነሳ። አክስቴ «አውርዱኝ!» አለች። በጎቹን እየነዳ የሚያልፍ ሰው ቆሞ አየን።

«ወንድሜ፣ መኪናህ እኮ አለቀሰ!» አለኝ።

«እግሩ ላይ ጠጠር ገብቶበት ነው፤ በግህስ ቢገባበት አያነክስም?»

ወደ ኋላ ሦስት አራት ሜትር ሄድኩ። ጠጠሯ ከፍሬኑ ዲስክና ከኋላው ካለችው ስስ ላሜራ መካከል ወጥታ ጠብ አለች፤ ጩኸቱም ጠፋ። ባትወጣ ኖሮ ላሜራዋን በካቻቢቴ ፈልቀቅ አድርጎ ማስወጣት ነው። ከሁሉም የጮኸው ድምፅ ከሁሉም ቀላሉ ነበር።

ትልቁ ነገር የመጣው በማግስቱ ማለዳ ነው። ሌሊቱን ውርጭ ጥሏል፤ የግቢው ሳር ነጭ ሆኗል፤ የመኪናው መስታወት ላይ በጥፍር የሚፋቅ በረዶ ተጋግሯል። 12 ሰዓት ላይ ቁልፉን ሳዞር መጀመሪያ «ሲጥጥጥ» አለ፤ እሱ የላላ ቺንጋ ነው፤ ግማሽ ደቂቃ ቆይቶ ተወው። ከዚያ ግን ከሞተሩ «ጠቅ ጠቅ ጠቅ ጠቅ» የሚል፣ ያለ ዕረፍት የሚቀጠቅጥ ድምፅ ወጣ። አዲስ አበባ በፈረምኩበት ቀን ያልነበረ፣ ትናንት ከሰዓትም ያልነበረ።

አጎቴ በርኖሱን ደርቦ ዱላውን ይዞ ወጣ።

«ይሄን ነገር ስትገዛው ሰምተኸዋል?»

«አልሰማሁም፣ ጋሼ። ሲያሳዩኝ ሞቆ ነበር።»

«በግ ስትገዛ ጀርባውን ትዳብሳለህ፤ በቅሎ ስትገዛ ጥርሷን ታያለህ፣ አስረግጠህ ታስሮጣታለህ። ሮጣ ያላባትን በቅሎ ግን ማን ይገዛል?»

መልስ አልነበረኝም። አጎቴ በወጣትነቱ የወፍጮ ቤት ሞተር ሲያንቀሳቅስ የኖረ ሰው ነው። ኮፈኑን አስከፈተኝ፤ ቺንጋውንና ማራገቢያውን ሸሽቶ የዱላውን ጫፍ ከሞተሩ ላይ አሳረፈ፤ ሌላውን ጫፍ ከጆሮው ፊት ካለው አጥንት ላይ ደገፈ። ዓይኑን ጨፈነ። የዱላውን ጫፍ ከሞተሩ አናት ወደ ታች፣ ከታች ወደ ጎን እያዛወረ እንደ ሐኪም አዳመጠ። ከዚያ ዱላውን ለእኔ ሰጠኝ። ከታች ሳስጠጋው የሚሰማው የሞተሩ የተለመደ ጉርምርምታ ነው። ከላይ፣ የቫልቮቹ ክዳን ላይ ሳሳርፈው ግን ያ ጠቅ ጠቅ ጆሮዬ ውስጥ በመዶሻ የሚመታ ያህል ሆነ።

«ከላይ ነው። እግዜር ይመስገን» አለ።

ምስጋናው ያለ ምክንያት አይደለም። ቫልቭ የሚመታው ሞተሩ ሁለት ዙር ሲዞር አንድ ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ድምፁ ዘገም ያለ ነው፤ ቀጠንም ይላል፤ በማስተካከል ሊድን ይችላል። ከታች ያለው፣ የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት ብሮንዚና ሲበላ ግን በየዙሩ ይደበድባል፤ ድምፁ ወፍራም ነው፤ ሞተሩ ሲሞቅና ዳገት ሲይዝ ይብሳል። እሱን ሰምቶ መንዳት የሞተሩን ሆድ መቅደድ ነው። ከላይና ከታች፣ ሲቀዘቅዝና ሲሞቅ፤ እነዚህን የለየ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል።

አጎቴ አልበቃውም። ሞተሩን አስጠፍቶ የዘይቱን መለኪያ መዘዘና ዘይቱን በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አደረገው። ጣቶቹን ሲያላቅቅ ክር ሠራ።

«ይሄ ዘይት ነው ማር?»

«ወፍራም ዘይት ነው፣ ጋሼ።»

«ይሄን ያፈሰሰ ሰው ሞተሩን ሊያለሰልስ አይደለም ያፈሰሰው፤ አፉን ሊለጉመው ነው!»

በአንድ ቃል ሁሉን ነገር ፈታልኝ። ወፍራም ዘይት ያረጁ ብረቶች መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ መጋጨታቸውን ያፍናል። አዲስ አበባ ላይ፣ ያውም አሙቀውት፣ ይህ ይሠራል። መንዝ ላይ ግን ውርጩ ያን ዘይት እንደ ቂቤ ያረጋዋል፤ ከሥር ተነስቶ ቫልቮቹ ዘንድ እስኪደርስ ጊዜ ይፈጅበታል፤ እስኪደርስም ብረት ከብረት ደረቁን ይጋጫል። ሻጩ የለጎመውን ውርጩ ፈታው። የካምቢዮን ጩኸት በሰጋቱራ ማፈን በሌላውም ዓለም የቆየ የአሮጌ መኪና ሻጮች ተንኮል ነው፤ ተንኮሉ አገር አይመርጥም።

እዚያው ቆሜ ለሻጩ ደወልኩ።

«መኪናው ማለዳ ማለዳ ይቀጠቅጣል።»

«ወንድሜ፣ አገሩ ብርድ ነው። አዲስ አበባ ስትመለስ ይተወዋል።»

«የደበቅከው አንተ፤ ጥፋተኛው የአገሬ ብርድ?»

«ቦሎ አለው እኮ!»

«ቦሎ በዓመት አንድ ቀን ያየዋል፤ እኔ 365 ቀን ነው የምነዳው።»

«ያገለገለ መሆኑን አውቀህ ነው የገዛኸው።»

«ያገለገለ ገዛሁ፤ የተለጎመ አልገዛሁም!»

ስልኩ ተዘጋ። አጎቴ ግን ሌላ ነገር ጆሮው ገብቷል፤ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ራዲያተሩ ውስጥ «ቡልቅ ቡልቅ» ይላል። «ባቄላ እዚህ አገር ለመብሰል ለምን ይዘገያል? ውሃው በቅጡ ሳይግል ስለሚፈላ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ራዲያተሩን ከመፍላት የሚያድነው አምቆ የሚይዘው ክዳኑ ነው። የኔ ክዳን ጎማው ተሰንጥቋል። ርካሽ ዕቃ ነው፤ ቸል ሲሉት ግን የሞተሩን አናት፣ ቴስታታውን ያስለውጣል።

የምቆጨው ለገንዘቤ ብቻ አይደለም። ይህ አገር ገደል ነው። ከለሚ ወደ ጀማ ወንዝ ወርዶ ወደ ዓለም ከተማ የወጣ ሰው የምለውን ያውቃል፤ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው፣ ደጋ ላይ ለብሰኸው የወረድከውን ጋቢ ታች ስትደርስ ታወልቀዋለህ። አንድ ጊዜ ወደ መርሐቤቴ በዚያው መንገድ በሚኒባስ ስንወርድ ፍሬኑ በተነካ ቁጥር «ሲይይይጥ» ይላል። ልጅ ያዘለች ሴት ከኋላ ጠየቀች።

«ወንድም ጋሼ፣ ምንድነው የሚጮኸው?»

«ፍሬኑ ነው፣ እናቴ። አታስቢ፣ ለምዶበታል።»

«እሱስ ለምዷል፤ እኛ ገደሉን አልለመድንም። ወይ ቀስ በል፣ ወይ አውርደን!»

ሚኒባሱ ሙሉ «አዎ!» አለ። ሾፌሩ አንድም ቃል አልመለሰም፤ ማርሹን አውርዶ እስከ ድልድዩ በሞተሩ ይዞ ወረደ። እኔ ያችን ሴት እስከ ዛሬ አከብራታለሁ። የብዙ መኪና ፍሬን ሸራ ላይ ትንሽ የብረት ምላስ አለች፤ ሸራው ሲያልቅ ዲስኩን እየነካች እንድትጮኽ ሆን ተብላ የተሠራች ናት። እሷን «ለምዳለች» ማለት ቤት ሲቃጠል ውሻው ጩኸት ለምዷል ብሎ መተኛት ነው።

ስመለስ ደብረ ብርሃን ጋራዥ ገባሁ። መካኒኩ ጎማውን በክሪክ አነሳና «እጅህን ሞላው ላይ ያዝ» አለኝ። ያዝኩ። ጎማውን በእጁ ሲያሽከረክረው ሞላው በመዳፌ ውስጥ ሽሮ እንደሚፈጭ ወፍጮ ኩርኩርኩር አለ። የግራውን ሲያሽከረክር እንደ ውሃ ጸጥ። ክርክሩ በመዳፌ አለቀ። ኩሽኔታው ተለወጠ፤ ቺንጋው ጠበቀ፤ ክዳኑ ተቀየረ፤ ያ ማር የመሰለ ዘይት ፈስሶ ለሞተሩ የተመደበው ገባ፤ ቫልቮቹም ተስተካከሉ። ፈስሶ በጀሪካን የተቀመጠውን ዘይት አይቶ መካኒኩ ራሱን ነቀነቀ።

«በዚህ ዘይት በውርጭ ትንሽ ብትቆይበት ኖሮ ከላይ ያለውን ሁሉ ትበላው ነበር። ማን ነገረህ?»

«የመንዝ ውርጭና የአጎቴ ዱላ።»

ሒሳብ ከፍዬ ስወጣ በሩ ላይ ጋቢ የለበሰ ጎልማሳ መኪናውን ዞር ዞር ብሎ ሲያይ አገኘሁት።

«ወንድሜ፣ አይሸጥም?»

«የምሸጠው ከሆነ ማለዳ 12 ሰዓት ትመጣለህ። ኮፈኑን ትነካለህ፤ ካልቀዘቀዘ ትሄዳለህ። ቁልፉን የምታዞረው አንተ ነህ።»

«ድምፅ አለው?»

«ሁለት አለው። አንደኛው በብርድ ማለዳ ከላይ ትንሽ ጠቅ ጠቅ የሚለው ቫልቭ ነው፤ ተስተካክሏል፣ ጨርሶ ግን አልጠፋም። ሁለተኛው ቆሞ ሳለ ከሥር የሚንሿሿው ነው፤ ከማርሚታው በላይ ያለችው ላሜራ ብሎኗ ወልቋል።»

ሰውየው ጋቢውን ሰብስቦ ተንበረከከና ላሜራዋን ሊያይ አንገቱን ከመኪናው ሥር አስገባ።